የዓባይ አሸዋ እስከሚያልቅበት
ከቂሣርያ እስከ ሮሽ ሃኒቅራ፦ በሰሜን እስራኤል የሕዝብ ባሕር ዳርቻ አመራረጥ

በሰሜን እስራኤል የሜዲትራንያን ጠረፍ ያሉት የሕዝብ መዋኛ ዳርቻዎች ከቂሣርያ ተነሥተው፣ በቀርሜሎስ ተራራ ግርጌ አልፈው፣ የሃይፋን ባሕረ ሰላጤ ዞረው፣ በዓኮና በናሃሪያ በኩል እስከ ሊባኖስ ድንበር ይዘልቃሉ። መንገዱ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። በዚህች አጭር ርቀት ግን ባሕሩ ጠባዩን ደጋግሞ ይለውጣል። አንዱ ዳርቻ ሕፃን የሚንቦጫረቅበት፣ ጥልቀት የሌለው አሸዋማ ውኃ ነው። ጥቂት ሄድ ብሎ የሚገኘው ሌላው ደግሞ በሹል አለት የታጠረ፣ ያለ ጫማ የማይረገጥ ነው።

ብዙ ሰው ዳርቻ የሚመርጠው በስሙ ነው፤ ጎረቤት ያወራለትን ወይም ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበትን። ጠረፉን የለመዱት ዓሣ አጥማጆች፣ ነፍስ አዳኞችና ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻቸውን ጭነው የሚወርዱ ወላጆች ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት ከእግር በታች ምን እንዳለ ነው፤ አሸዋ ነው ወይስ አለት? ከዚያ የሚጠብቀው ሰው መኖሩን ይጠይቃሉ። ስሙ ኋላ ይመጣል።

## የቂሣርያ ቅስቶችና የሕጉ ነገር

ከደቡብ ለሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚገኘው የቂሣርያ ጥንታዊ የውኃ መስመር ያለበት ዳርቻ ነው። ንጉሥ ሄሮድስ ከተማይቱን ሲያሠራ ከቀርሜሎስ ደቡባዊ ጫፍ ምንጮች ውኃ የሚያመጣ፣ በቅስቶች ላይ የተሠራ ቦይ ዘረጋ። በሁለተኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሠ ነገሥት ሐድሪያኖስ ዘመን፣ የሮም ጭፍሮች ሌላ ቦይ ጎን ለጎን ጨመሩበት። ዛሬ ቅስቶቹ አሸዋው ላይ በተርታ ቆመዋል፤ ጥላቸው ሥር ቤተሰብ ምንጣፍ ያነጥፋል። መጽሐፍ ቅዱስ ላነበበ ኢትዮጵያዊ ቂሣርያ እንግዳ ስም አይደለችም። በጋዛ መንገድ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ያጠመቀው ፊልጶስ፣ ከዚያ ተነሥቶ በየከተማው እየሰበከ መጨረሻ የደረሰው እዚህች ከተማ ነው።

ለፎቶ ከዚህ የሚበልጥ ዳርቻ በሰሜኑ ጠረፍ የለም። ለዋና ግን ባሕሩ ፊት ለፊት ክፍት ነው፤ ሞገዱን የሚያበርድ ግንብም ደሴትም አይታይም። ስለዚህ ልብስ ከማውለቅ በፊት የነፍስ አዳኝ ማማ የት እንዳለ ቀና ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በእስራኤል ሕግ መዋኘት የሚፈቀደው «ሆፍ ሙክራዝ» በሚባል፣ ማለትም ለዋና ተብሎ በይፋ በታወጀ ዳርቻ ላይ ብቻ ነው። የታወጀው ዳርቻ ማማ፣ ነፍስ አዳኝ፣ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫና መታጠቢያ አለው። ያልታወጀው ምንም ያህል ቢያምር ባዶ ባሕር ነው። ብዙዎቹ የመስጠም አደጋዎች የሚደርሱትም ነፍስ አዳኝ በሌለበት ቦታ ወይም እርሱ ማማውን ዘግቶ ከሄደ በኋላ ነው።

ዳርቻው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ሲያጨቃጭቅ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የባሕር ዳርቻ አካባቢ ጥበቃ ሕግ ጠረፉ የሕዝብ መሆኑን፣ በእግር የሚሄድ ሰው ዳር ዳሩን እንዳያልፍ መከልከል እንደማይቻል አጸና፤ ለውኃው በጣም ተጠግቶ መገንባትንም ገደበ። በተግባር ግን «ነጻ» የሚለው ቃል መኪና ማቆሚያው በር ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። ለእግረኛ ያልተከፈለበት ዳርቻ ለመኪናው ይከፈልበታል፤ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ ዳርቻ ደግሞ የመግቢያ ትኬት አለው። ብዙ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ዳርቻ ሲመርጥ ከባሕሩ ጠባይ እኩል ይህን ሒሳብ ያነሣል፤ ማንሣቱም ተገቢ ነው።

ከቂሣርያ በስተ ሰሜን፣ የታኒኒም ወንዝ ወደ ባሕሩ በሚገባበት አጠገብ፣ ጂስር አዝዛርቃ የምትባል የዓረቦች ከተማ አለች። ታኒኒም ማለት አዞዎች ማለት ነው። እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስ ወንዙ በእውነትም አዞ ነበረበት፤ ዛሬ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ከቅንጡዋ ቂሣርያ በአፈር ክምር የተለየችው ይህች ድሃ ከተማ የትናንሽ ጀልባዎች ማረፊያ፣ የዓሣ አጥማጆች ጎጆዎችና ትኩስ ዓሣ የሚጠብስ ሰው አላት። ለዋና ሳይሆን ለምሳና ለጠረፍ ላይ የእግር ጉዞ የሚመጣ ሰው እዚህ ይደሰታል።

## ከደጋ የወረደ አሸዋ

ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ ዶር ይደርሳሉ። ከባሕሩ ገባ ብለው የተቀመጡ ትናንሽ ደሴቶች ሞገዱን ከሩቅ ተቀብለው ይሰብሩታልና ከኋላቸው ያለው ውኃ እንደ ኩሬ ረግቶ ይተኛል። ታዳጊ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ከቀርሜሎስ ጠረፍ ሁሉ ዶርን የሚያስቀድሙት በዚህ ምክንያት ነው። ደሴቶቹ ላይ ግን ወፎች እንቁላል ይጥላሉ፤ በመራቢያቸው ወራት ዋኝቶ እላያቸው ላይ መውጣት አይገባም።

ቦታው ብዙ ዘመን አይቷል። በጥንት የፊንቄያውያን ወደብ ነበር። እስከ 1948 ደግሞ ታንቱራ የምትባል የፍልስጤማውያን የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች፤ በዚያ ዓመት ጦርነት ነዋሪዎቿ ተፈናቅለው መንደሯ ጠፋች። ከአሸዋው ጥቂት ወጣ ብሎ የሚታየው የድንጋይ ሕንፃ ባሮን ኤድሞን ደ ሮትሺልድ በ1891 ያሠራው የጠርሙስ ፋብሪካ ነው። ሥራ አስኪያጁ ኋላ የቴል አቪቭ የመጀመሪያ ከንቲባ የሆነው ሜይር ዲዘንጎፍ ነበር። ሐሳቡ ከደጁ ያለውን አሸዋ አቅልጦ ለወይን ጠጅ ጠርሙስ መሥራት ነበር፤ ሆኖም ፋብሪካው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጋ። አሁን ሙዚየም ነው።

የአሸዋው ነገር ቆም ብሎ መታየት ይገባዋል። ከግብፅ ጠረፍ እስከ ሃይፋ ባሕረ ሰላጤ ድረስ የተዘረጋው ወርቅማ አሸዋ የዚህ አገር አፈር አይደለም፤ ናይል ያመጣው ነው። ወንዙ ወደ ሜዲትራንያን ያፈሰሰውን አሸዋ፣ ሞገዱና ጠረፉን ተከትሎ የሚሄደው የባሕር ጅረት ከዴልታው አንሥተው በሲና፣ በጋዛ፣ በአሽቀሎን፣ በቴል አቪቭ በኩል እያንከባለሉ ለሺህ ዓመታት ወደ ሰሜን ነዱት። ነጫጮቹ የኳርትዝ ቅንጣቶች ከሰፊው ተፋሰስ የተሰበሰቡ ናቸው። እፍኝ አሸዋ ዘግነው ፀሐይ ላይ ቢበትኑት በመካከሉ የሚታዩት ጥቋቁር ቅንጣቶች ግን በብዛት የኢትዮጵያን ደጋ ከሠራው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈረፈሩ፣ በዓባይና በተከዜ ወርደው የመጡ ማዕድናት ናቸው። ዓባይ ማደሪያ የለው ይባላል። አሸዋውን ግን እዚህ ድረስ አምጥቶ አሳድሮታል።

> እፍኝ አሸዋ ውስጥ ያሉት ጥቋቁር ቅንጣቶች በዓባይና በተከዜ የወረዱ ናቸው።

የአስዋን ታላቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ወንዙ ደለሉን ግድቡ ኋላ ያስቀራል። አሁን ወደ ሰሜን የሚነዳው በዋናነት ድሮ የተከማቸው የዴልታው ዳርቻ እየተሸረሸረ የሚሰጠው አሸዋ ነው። በጠረፉ ላይ የሚሠራ ወደብና ግንብ ሁሉ ደግሞ ከዚህ ተጓዥ አሸዋ የየድርሻውን ይይዛል፤ በአንድ ጎኑ አሸዋ ሲከመር በሌላው ይሳሳል። አንድ ዳርቻ ከዓመት ዓመት ሲሰፋና ሲጠብ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

## ዛጎልና ጉድባ

ከዶር ቀጥሎ ያለው ሃቦኒም የጥበቃ ክልል ነው። በእስራኤል ጠረፍ «ኩርካር» የሚባለው፣ በጥንት ዘመን ተጣብቆ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ አሸዋ፣ እዚህ በባሕር ተቦርቡሮ ዋሻና ጉድባ ሠርቷል። ውኃው የረገጠው ሁሉ ዛጎል ነው። ለእግረኛ፣ ለፎቶ አንሺና በጭንብል ከውኃ በታች ማየት ለሚወድ ሰው የተሠራ ቦታ ይመስላል። አያትን በወንበር አስቀምጦ ሕፃን አሸዋ ላይ ለማጫወት ለሚያስብ ግን አይሆንም። ጥላ ጥቂት ነው፤ አለቱ ሹልና አዳላጭ ነው።

አለታማ ዳርቻ ሌላም ችግር አለው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ሬንጅ ከባሕር ወጥቶ አብዛኛውን የእስራኤል ሜዲትራንያን ጠረፍ ሲበክል ሕዝቡ ወደ ዳርቻ እንዳይወርድ ተከልክሎ ነበር። አሸዋውን በወንፊት ነፍቶ ማጽዳት ተቻለ፤ አለት ላይ የተጋገረውን ግን በጎ ፈቃደኞች እየፋቁ ነበር የሚያነሡት።

## ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር

ሃይፋ ስትገባ ቀርሜሎስ ባሕሩ ድረስ ይወርዳል። ከባት ጋሊም ሠፈር በላይ ባለው ገደል የነቢዩ ኤልያስ ነው የሚባል ዋሻ አለ። ከዚያ ቁልቁል የሚያይ ሰው የነቢዩ ብላቴና ከባሕር ስትወጣ ያያትን ትንሿን ደመና ማስታወሱ አይቀርም። በበጋ ግን ደመና የለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ዝናብ ጨርሶ የሚጠፋበት አገር ነው፤ ጥላ የሌለው ሰው በፀሐይ ይጠበሳል።

የከተማዋ ሁለቱ ታላላቅ ዳርቻዎች፣ ሆፍ ሃካርሜልና ዳዶ፣ ጎን ለጎን ናቸው። ዳዶ የሚለው ስም የ1973ቱን ጦርነት የመራው የጦር ኤታማዦር ሹም የዳቪድ ኤልአዛር ቅጽል ስም ነው። የባቡር ጣቢያው ከአሸዋው አጠገብ ስለሆነ መኪና የሌለው ሰው ከባቡር ወርዶ በእግሩ ይገባል። አንድ ነገር ግን አለ፤ ባቡር ከዓርብ ከሰዓት ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ማታ ይቆማል። ሃይፋ ቅዳሜም አንዳንድ አውቶቡስ የሚሠራባት ከተማ በመሆኗ፣ ሌላ ከተማ ቢሆን ቤቱ የሚቀር ሰው እዚህ ዳርቻ ይደርሳል። ቅዳሜ በዳዶ የእግር መንገድ ላይ የዕድሜ ባለጸጎች ክብ ሠርተው የአገሩን ጭፈራ ይጨፍራሉ። አሸዋው ላይ ደግሞ ማትኮት የሚባለው የሁለት ሰው የእንጨት ራኬት ጨዋታ ከጧት እስከ ማታ ቀጭ ቀጭ ይላል። ድምፁ የማይስማማው ሰው ከማማው ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ማማው ላይ ያለው ነፍስ አዳኝ በዕብራይስጥ «ማጺል» ይባላል። በድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ ይቆጣል፣ አንዳንዴም ይቀልዳል፤ ቢጫ ኮፍያ ያደረገውን ልጅ ወደ ቀኝ፣ ልጇን ረስታ ስልክ የያዘችውን እናት ወደ ልጇ ይጠራል። ለዳርቻው አዲስ የሆነ ሰው እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። ቋንቋው ያልገባው አረጋዊ ደግሞ ጩኸቱን ለሌላ ሰው ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ይህ ከስድቡ ይልቅ ያሳስባል። አደጋ ሲሆን ማጺሉ «ሐሳኬ» የሚባለውን ሰፊና ጠፍጣፋ መቅዘፊያ ሰሌዳ ገፍቶ፣ ቆሞ እየቀዘፈ ይገባል።

ቋንቋ ለማያውቅም ቢሆን ባንዲራው ይናገራል። ነጭ ከሆነ መዋኘት ይቻላል። ቀይ ከሆነ ባሕሩ አደገኛ ነው። ጥቁር ከሆነ መግባት ክልክል ነው። ቀለሙ በአንድ ቀን ውስጥ ሊለወጥ ይችላል፤ ጧት የረጋ ባሕር ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ይናወጣል። ከልጆች ጋር የሚሄዱ ቤተሰቦች በማለዳ ወጥተው ከቀትር በፊት የሚመለሱት ፀሐዩንም ነፋሱንም ለመሸሽ ነው።

> ሞገድ የማይሰበርበት፣ ጸጥ ያለ የሚመስለው ቦታ ነው ሰው የሚወስደው።

አሸዋማ ዳርቻ ላይ ትልቁ አደጋ ከላይ የሚታየው ሞገድ አይደለም። ሞገዱ ወደ ዳር የሚገፋው ውኃ በአሸዋው ክምር ላይ አልፎ ይከማቻል፤ ከዚያ ክምሩ የተሰነጠቀበትን ጠባብ በር ፈልጎ በኃይል ወደ ጥልቁ ይመለሳል። ከላይ ሲያዩት ይህ በር ጠቆር ያለ፣ ሞገድ የማይሰበርበት ጸጥታ ነው፤ ዋና የማይችል ሰው መርጦ የሚገባውም እዚያው ነው። ጅረቱ ወደ ታች አይጎትትም፣ ወደ ውስጥ ይወስዳል እንጂ። በቀጥታ ወደ ዳር ለመመለስ የሚታገል ጉልበቱን ጨርሶ ይሰጥማል። ማምለጫው ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ጎን ዋኝቶ ከጅረቱ መውጣት፣ ካልተቻለም ተንሳፍፎ እጅን እያውለበለቡ እርዳታ መጠበቅ ነው። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው እንኳ ይህን አያውቀውም። ጣና ማዕበል አለው፤ እንዲህ ያለ የተደበቀ በር ግን የለውም።

ሃይፋ ውስጥ ሁለት ለየት ያሉ ዳርቻዎችም አሉ። ባት ጋሊም፣ ትርጓሜው የሞገድ ልጅ፣ ሰርፍ የሚጫወቱ ወጣቶች ዳርቻ ነው፤ ለእነርሱ ጥሩ የሆነ ቀን ለዋናተኛ መጥፎ ቀን ነው። ከሆስፒታል አጠገብ ያለው ሆፍ ሃሻኬት፣ «ጸጥተኛው ዳርቻ»፣ ደግሞ ወንዶችና ሴቶች በተለያዩ ቀናት የሚገቡበት ነው። ከወንድ ጋር አብሮ መዋኘት የማይፈልጉ ሃይማኖተኛ ሴቶች ይህን ይመርጣሉ። ከመሄድ በፊት ቀኑ የማን እንደሆነ መጠየቅ ነው።

## ሠፈር ውስጥ ያለ ባሕር

የሃይፋን ወደብ አልፎ ባሕረ ሰላጤው ሲታጠፍ ኪሪያት ሐይምና ኪሪያት ያም ይመጣሉ። በፎቶ መጽሔት ላይ አይወጡም። የመኖሪያ ፎቆቹ እስከ አሸዋው ድረስ ይደርሳሉ፤ ከኋላ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ይታያል። ጥቅማቸው ቅርበታቸው ነው። ሰው ከቤቱ በነጠላ ጫማ ወርዶ፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ ወጥቶ፣ ለምሳ ቤቱ ይመለሳል። የቀርሜሎስ ተራራ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣውን ሞገድ ስለሚከልል ባሕሩም ከውጩ ይልቅ ብዙ ጊዜ ገር ነው።

በኪሪያት ያም ብዙ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ይኖራሉ። አመሻሽ ላይ በባሕሩ ዳር መንገድ የሚሄዱት አረጋውያን ከጎንደርና ከትግራይ ደጋ የመጡ፣ ልጅነታቸውን ባሕር ሳያዩ ያሳለፉ ናቸው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ባሕርን መጀመሪያ ያዩት በሱዳን የቀይ ባሕር ጠረፍ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤል የስለላ ሰዎች አሩስ በሚባል ቦታ የጠላቂዎች መዝናኛ የከፈቱ መስለው፣ ስደተኞችን በሌሊት በጀልባ ወደ ባሕር ኃይል መርከብ ያሻግሩ ነበር። በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ባሕርን የሚያውቀው በጨለማ መሻገሪያነቱ ነው። የልጅ ልጆቹ ግን ሰርፍ ሰሌዳ ይዘው ይሮጡበታል። አያቶቹ ጫማቸውን አውልቀው እስከ ቁርጭምጭሚት ይገባሉ፤ ጨው ውኃ ለእግር ሕመም ይበጃል የሚሉም አሉ። ለእነርሱ ጥሩ ዳርቻ ማለት አግዳሚ ወንበር፣ ጥላና መጸዳጃ ቤት ያለው ነው። ከታወጁት ዳርቻዎች ብዙዎቹ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መንገድ ዘርግተዋል፤ ሲመርጡ መጠየቅ ይጠቅማል።

ኪሪያት ያም እ.ኤ.አ. በ2009 ለአጭር ጊዜ የዓለም ወሬ ሆና ነበር። ጀንበር ስትጠልቅ ግማሽ ሴት ግማሽ ዓሣ የሆነች ፍጥረት አየን የሚሉ ሰዎች ተነሡ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ማስረጃ ላመጣ አንድ ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ አለ። ሽልማቱን የወሰደ የለም።

በእውነት የምትታየው ሌላ ናት፦ ሜዱዛ። ጄሊፊሽ የሚሏት ይህች ነጭ ዣንጥላ መሰል ፍጥረት፣ በሳይንስ ስሟ ሮፒሌማ ኖማዲካ፣ በ1869 በተከፈተው የስዊዝ ቦይ በኩል ከቀይ ባሕር ወገን ተሻግራ የመጣች ናት። ከ1970ዎቹ ወዲህ በዚህ ጠረፍ ትታያለች፤ ብዙ ጊዜ በሰኔና በሐምሌ በመንጋ ትመጣለች። ስትነካ ታቃጥላለች። የተቃጠለውን ቦታ በዚያው በባሕር ውኃ ማጠብ ነው፤ በቧንቧ ውኃ መታጠብ፣ በአሸዋ ማሸት ወይም ኮምጣጤ ማፍሰስ መርዙን ያባብሳል። የሞተችው አሸዋ ላይ ወድቃም ታቃጥላለችና ልጆች በእንጨት እንዲነኳት እንኳ መፍቀድ አይገባም። መንጋው በሚመጣበት ሳምንት ሰዉ ስልክ ተደዋውሎ «ዛሬ አሉ ወይ?» ይባባላል፤ መልሱ አዎ ከሆነ ዳርቻው ባዶ ይውላል።

## ብርጭቆ የሆነው አሸዋ

ዓኮ ከባሕረ ሰላጤው ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ናት። ናፖሊዮን በ1799 ከብቦ ያልሰበረው ግንቧ ዛሬ የጎረምሶች መዝለያ ነው፤ ከአሥር ሜትር ገደማ ከፍታ ባሕር ውስጥ ይወረወራሉ። ከታች አለት አለ። የሠፈሩ ልጆች ድንጋዩን አንድ በአንድ ያውቁታል፤ እንግዳው አያውቅም።

ለዋና የሚሆነው ከአሮጌው ከተማ በስተ ደቡብ ያለው ሆፍ አርጋማን ነው። አርጋማን ማለት ሐምራዊ ነው፤ የዚህ ጠረፍ ሰዎች በጥንት ጊዜ ከባሕር ቀንድ አውጣ ያወጡት የነበረውን የነገሥታት ቀለም ያስታውሳል። አሸዋው ሰፊ፣ ወለሉ ለስላሳ ነው፤ ከውኃው ውስጥ ሆኖ የሚታየው ግንቡ፣ ሚናራውና ጉልላቱ ነው። በአቅራቢያው ወደ ባሕር የሚገባው የናዓማን ወንዝ ጥንት ቤሉስ ይባል ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒዮስ ብርጭቆ መጀመሪያ የተሠራው ከዚህ ወንዝ አፍ አሸዋ ነው የሚል ታሪክ መዝግቧል። ታሪኩ ተረት ሊሆን ይችላል፤ አሸዋው ግን በጥንቱ ዓለም ለብርጭቆ ሠሪዎች የታወቀ ነበር። ያም አሸዋ ናይል ያመጣው ነው።

> ከዓኮ ወዲያ የናይል አሸዋ ያልቃል።

ወንዝ አፍ አጠገብ መዋኘትን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ አለ። ዝናብ በዘነበ ማግሥት ወንዞች የከተማውንና የእርሻውን እድፍ ይዘው ይወርዳሉ። የጤና ሚኒስቴር የመዋኛ ውኃ ናሙና እየወሰደ ይመረምራል፤ ብክለት ሲገኝ ዳርቻው ይዘጋል። በበጋ ይህ ብዙ አያሳስብም፤ በመከርና በጸደይ ዝናብ ግን ከወንዙ አፍ ራቅ ማለት ይሻላል።

ከዓኮ ወዲያ ያለው ጠረፍ ሌላ ነው። የሩቁ ወንዝ አሸዋ እዚህ አይደርስም። ያለው አሸዋ በአካባቢው ዛጎል ስብርባሪ የተሠራ፣ ወፈር ያለ ነው፤ ከእርሱም የሚበዛው አለት ነው። ከቂሣርያ ጀምሮ ባዶ እግሩን የመጣ ሰው ከዚህ በኋላ የውኃ ጫማ ያድርግ።

## የጋዓቶን ከተማ

ናሃሪያን በ1930ዎቹ የመሠረቱት ከጀርመን የመጡ አይሁድ ናቸው። የጋዓቶን ወንዝ በዋናው ጎዳና መካከል በቦይ ያልፋል። የሰሜኑ ባቡር መጨረሻ ጣቢያ እዚህ ነው፤ ከጣቢያው ወርዶ በወንዙ ዳር ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው ባሕሩን ያገኛል። ጋሌ ጋሊል የሚባለው ዳርቻ አጠገብ መዋኛ ገንዳም ስላለ፣ ባሕር ከሚወዱና ባሕር ከሚፈሩ የተውጣጣ ቤተሰብ ሁለቱንም ያገኛል።

ሞገድ ሰባሪ ግንብ ያለበት ዳርቻ ሁሉ የሚያታልለው ነገር አለ። ከግንቡ ኋላ ውኃው ይረጋል፤ በግንቡ ጫፎች ግን የታፈነው ውኃ መውጫ ሲፈልግ ጠንካራ ጅረት ይፈጥራል። ግንቡ ላይ መውጣትም ያዳልጣል። ሕፃናት በመካከሉ፣ ከማጺሉ ፊት ይሁኑ።

## አክዚብ

ከናሃሪያ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በስተ ሰሜን ያለችው አክዚብ በመጽሐፈ ኢያሱ ከአሴር ነገድ ከተሞች ጋር የተቆጠረች ናት። እስከ 1948 አዝዚብ የሚባል የፍልስጤማውያን መንደር ነበረባት፤ የመስጊዱ ሕንፃ ዛሬም በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ቆሟል። ከፓርኩ ጎን ኤሊ አቪቪ የተባለ ሰው ከ1952 ጀምሮ ሰፍሮ ነበር፤ በኋላም፣ በ1971፣ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ «አክዚቭላንድ» የሚል የራሱን አገር አወጀ። ለጎብኚው ፓስፖርት ላይ ማኅተም ይመታ ነበር። በ2018 አረፈ።

የፓርኩ መግቢያ ይከፈልበታል። ለሰሜኑ አለታማ ጠረፍ ግን ከዚህ የተሻለ መግቢያ አይገኝም። ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታት በአለቱ ጠርዝ ላይ የገነቡት ዝቅተኛ ግድግዳ ባሕሩን ይገታውና ከኋላው ጥልቀት የሌላቸው ተፈጥሯዊ ኩሬዎች ይቀራሉ። ሕፃኑ እዚያ ይቀመጣል፤ ትልልቆቹ ጭንብል አድርገው ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ አያቶች ሣሩ ላይ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀራሉ። በዚህ ጠረፍ ሦስት ትውልድ ሳይነታረክ የሚውልበት ዳርቻ ቢጠየቅ፣ ከክፍያውም ጋር፣ አክዚብ ይቀድማል። ከባሕሩ በኩል ያለው የሮሽ ሃኒቅራና አክዚብ የባሕር ጥበቃ ክልል በ2019 ወደ ጥልቁ እጅግ ሰፍቷል፤ በክልሉ ውስጥ ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው። ዓሣ አጥማጆች ያጉረመርማሉ፤ ጠላቂዎች ይደሰታሉ።

ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባሕር ኤሊዎች በሌሊት እየወጡ አሸዋ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ። የተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን ሠራተኞች በማለዳ የእናትዬዋን ዱካ ተከትለው ጎጆውን ያገኛሉ፤ እንቁላሉንም ወደ ታጠረ ቦታ ያዛውራሉ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ወደ ባሕሩ የሚሄዱት ከአድማሱ የሚያዩትን ብርሃን ተከትለው ነው። በመሆኑም ዳርቻ ላይ የሚያድር ሰው እሳቱንና መብራቱን ወደ ባሕሩ ወገን ከበተነ ጫጩቶቹን ወደ መንገድ ይመልሳቸዋል። መኪና አሸዋው ላይ መንዳት በሕግ ከተከለከለባቸው ምክንያቶችም አንዱ ይህ ነው።

## የመጨረሻው ገደል

ከአክዚብ በኋላ የቤጼት ዳርቻ፣ ከእርሱ በኋላ ሮሽ ሃኒቅራ ነው። ቤጼት ሰፊና ሰው የማይበዛበት በመሆኑ ጸጥታ ፈላጊዎች ይወዱታል። ነገር ግን ወደ ድንበሩ በተጠጉ ቁጥር ዳርቻ መምረጥ ከባሕሩ ይልቅ በጸጥታው ሁኔታ ይወሰናል። በኦክቶበር 2023 በሊባኖስ ድንበር ተኩስ ሲጀመር የጠረፉ መንደር ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ ተደርጓል፤ ለረጅም ጊዜም አልተመለሱም። ስለዚህ ወደዚህ ወገን የሚሄድ ሰው ከአየር ትንበያው ጋር የአገር ውስጥ ግንባር ዕዝን መመሪያ ያያል፤ ዳርቻው ሲደርስም የቅርቡ መጠለያ የት እንደሆነ ይጠይቃል። የሰሜን ሰዎች ይህን የሚያደርጉት ፎጣ እንደሚይዙት ያህል በልማድ ነው።

ሮሽ ሃኒቅራ ነጭ የኖራ ድንጋይ ገደል ነው። አጭርና ቀጥ ያለ የገመድ መኪና ወደ ታች ያወርዳል፤ ከታች ባሕሩ የቦረቦራቸው ዋሻዎች አሉ፤ ሞገድ ሲገባባቸው ያጓራሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942፣ የእንግሊዝ ጦር ከሃይፋ ወደ ቤሩት ለሚሄደው ባቡር ገደሉን በዋሻ ቀደደው። የባቡሩ ድልድይ በ1948 በፈንጂ ፈረሰ፤ ሐዲዱም እዚያው ቆመ። ባሕሩ በቦረቦራቸው ዋሻዎች ውስጥ መዋኘት ክልክል ነው። እዚህ ድረስ መጥቶ መዋኘት ያማረው ሰው መኪናውን አዙሮ ወደ አክዚብ ይመለሳል።